አራተኛው ፈረስ ወረታ ሲደርስ

የያዙኝ ጥርሴን ላስነቅል ስሄድ ነው። ሌላው ሰው ታስሮ ሲፈታ የሚያወራው አያጣም፤ ወረቀት ሲበትን ተያዘ፣ ሰው ሰብስቦ ሲናገር ተያዘ ይባልለታል። እኔ የተያዝኩት ከወረታ ገበያ ጀርባ፣ ጉንጬን በአንድ እጄ ደግፌ፣ የጥርስ ሐኪሙን ደጃፍ ስፈልግ ነው። ጉንጬ አብጦ ቅል አክሏል። ሚስቴ ሙቀት ያስታግሰዋል ብላ አሮጌ ነጠላዋን አገጬ ሥር አዙራ፣ ጆሮዬን ሸፍና፣ አናቴ ላይ ደጋግማ ጠምጥማልኝ ነበር። መስታወት አይቼ ቢሆን ኖሮ ከቤት ባልወጣሁ።

ገበያው በአንድ ጊዜ መሣሪያ በያዙ ሰዎች ተከበበ። ሴቶቹን ወዲያ፣ ወንዶቹን ወዲህ አደረጉን። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ለምን የሚለው ቃል እንደ ዘይት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። እኔ ብቻ፣ መቼም አፌ አያርፍም፣ ጥርሴን አሞኝ ነው የመጣሁት አልኩ። መሣሪያ ከያዙት አንዱ በትሕትና ሰማኝ። ሲጣራ ይታወቃል አባቴ፣ ይውጡ፣ ብሎ ክንዴን ደግፎ ነጭ ፒካፕ ላይ አወጣኝ። ቢገፈትረኝ ይሻለኝ ነበር። ትሕትናው ነው ያስፈራኝ።

ያስገቡን እስር ቤት ውስጥ አልነበረም። የሩዝ መጋዘን ነው። የፎገራ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሩዝ ውስጥ ቆሞ ኖሮ፣ ሲታሰርም ሩዝ ቤት ቢታሰር ምን ይገርማል። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለው። ብርሃን የሚገባው ምስማር በነቀሉበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እንደ ቀጭን ሽመል ከግድግዳ ወደ ወለል ይዘረጋል፣ በሽመሉ ውስጥ ዱቄት ይንሳፈፋል። በአንደኛው ጥግ ከመፈልፈያው የተረፈ ገለፈት ተከምሯል። የምንተኛው እሱ ላይ ነው። ይሞቃል፣ ግን ቆዳ ያሳክካል። ዱቄቱ አንገት ውስጥ፣ ዓይን ውስጥ፣ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ስናስል ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምናስለው። ቀን ቆርቆሮው ሲግል ይንጣጣል፤ የሆነ ሰው ከላያችን የሚራመድ ይመስላል።

ገና እግሬን ሳስገባ በሩ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ብድግ አሉ። ከኋላዬ አንድ የተከበረ ሰው የሚገባ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ይግቡ አባ፣ ከዚህ ይረፉ፣ ብለው ጆንያ የተነጠፈበት ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ቦታው እኔ ከመምጣቴ በፊት የአንድ ቄስ ነበር። እሳቸውንና ሌሎች ብዙ ሰዎችን ቀይ የጭነት መኪና መጥቶ ወስዷቸዋል። የት እንዳደረሳቸው የሚያውቅ የለም። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ፤ ሌላው በሹክሹክታ፣ መስቀላቸውን ቀምተዋቸው ነው፣ ሲል ሰማሁት።

ያኔ ነው የገባኝ። ነጭ ጢም፣ ነጭ ጥምጣም፣ በሕመም የተኮማተረ ፊት።

«ኧረ እኔ ቄስ አይደለሁም» አልኩ። «ጥርሴን አሞኝ ነው።»

ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። በኛ አገር እውነተኛው አባት እኔ ነኝ አይልም። መናኙ ቢያመሰግኑት እብድ ነኝ ይላል፤ ሊቁ ቢጠይቁት ፊደል አልቆጠርኩም ይላል። ስለዚህ አይደለሁም ባልኩ ቁጥር ማዕረጌ ከፍ አለ። ስገባ ቄስ ነበርኩ፤ ሲመሽ መሪጌታ ተባልኩ፤ በማግስቱ ከገዳም የወረድኩ መናኝ ሆኜ አደርኩ። ቆሎ ሲሰጡኝ በጥርሴ ምክንያት መልሼ ሰጠሁ፤ ጾመኛ ናቸው ተባለ። ማታ ማታ ሕመሙ ሲብስብኝ አቃስታለሁ፤ ጸሎት ያደርሳሉ ተባለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም። ሚስቴ ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር።

የቆሎው ባለቤት ከርብ ወንዝ ዳር የመጣ ከብት አርቢ ነው። ትከሻው በር የሚዘጋ፣ ድምፁ ግን የማይሰማ ጎልማሳ። ሁለት በሬ ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ነው የተያዘው። ፒካፕ ላይ ውጣ ሲሉት ገመዱን ለማን እንደሚሰጠው ግራ ገብቶት፣ መጨረሻ ላይ መሬት ላይ አኑሮት ወጣ። ስለ ራሱ አንድ ቃል አይናገርም፤ ስለ በሬዎቹ ብቻ አንዳንዴ፣ ውኃ ይጠጡ ይሆን፣ ይላል። ማታ ማታ እኔ አጠገብ መጥቶ ይተኛል። አንድ ነገር ሊለኝ ይፈልግና ይተወዋል። እኔም ምን ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

ወሬው ሁሉ ስለ ዓለም መጨረሻ ነበር። ሌላ ወሬ አይፈቀድም፤ ስለ ፖለቲካ ብታወራ ሰሚ ጆሮ አለ፣ ስለ ቤትህ ብታወራ ታለቅሳለህ። ስለ ራእይ ብታወራ ግን ማን ይከስሃል። ቀን ቀን ከሰማይ የሚያጉረመርም ነገር ነበር፤ ስሙን ሁላችንም እናውቃለን፣ ድሮን ነው፣ ግን እዚያ ቤት በስሙ የጠራው አልነበረም። አንበጣው ይሉታል። በአምስተኛው መለከት ከጉድጓዱ ጢስ የሚወጣው፣ ደረቱ የብረት፣ ክንፉ የሰረገላ ድምፅ ያለው አንበጣ። አንዱ ጎልማሳ፣ የመጽሐፉ አንበጣ እኮ የሰው ፊት አለው፣ ይኸኛው ፊት የለውም፣ ብሎ ተከራከረ። ሌላው ጥቂት አሰበና፣ ፊቱ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው የሚያየን፣ አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ሲመጣ ሁሉም ፊቱን ይሸፍን ጀመር። ጣና ላይ የበቀለው አረም ተነሣ፤ መራራ ስለሚሆነው ውኃ ተነሣ። እኔንም ስምንተኛው ሺህ ገብቷል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ስምንተኛ ክፍልም አልገባሁ» አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ምሥጢር ነው ብለው ሲያወጡ ሲያወርዱት ዋሉ።

እውነቱን ለመናገር ስለ ራእይ የማውቀው የደብራችን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ነው። ሰባት ራስ ያለው አውሬ ከባሕር ሲወጣ። ሠዓሊው ቦታ ሳይለካ ጀምሮ ኖሮ ስድስቱን ራስ ሥሎ ሲጨርስ ግድግዳው አለቀበት። ልጅ ሆኜ ቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታን፣ ሰባተኛው ራስ የት አለ፣ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ አንተ ነህ፣ አሉኝ። ዳዊት ሳልጨርስ ነው ያባረሩኝ፤ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ተማሪዎቹን ከእንቅልፍ ስቀሰቅስ ደርሰውብኝ። ይህንን ሁሉ መጋዘን ውስጥ ተናገርኩ። ትሕትናዬ ተደነቀ።

ከመካከላችን ዜና የሚያቀርብልን አንድ ሾፌር ነበር። የራሱን የጭነት መኪና ቀምተው እሱን አስረውታል። ከበሩ በስተቀኝ አንዲት የምስማር ቀዳዳ አለችው፤ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን እዚያ ለጥፎ ይውላል። መኪና ቢመጣ ሳያየው በድምፁ ያውቀዋል። ከመጋዘኑ የወጣው ሁሉ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ወደ ጎንደር ይሂድ፣ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፍ፣ ወደ ባሕር ዳር ይመለስ፣ ሾፌሩ ከሞተሩ ትንፋሽ ይነግረናል። ያን ቀዩን መኪና እንኳ ወደ ደብረ ታቦር ነው የታጠፈው ብሎ ነግሯቸዋል። ምን እንደሚጠቅመን አላውቅም፤ ግን ሲነግረን ደስ ይለን ነበር።

ስለ ፈረሶቹ የጀመረው እሱ ነው። በራእዩ አራት ፈረሶች ተራ በተራ ይወጣሉ። መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር፣ በመጨረሻ ሐመር። ሾፌሩ ጣቱን አጠፈ። ሁላችንንም ያመጣን ነጭ ነው። ቄሱን የወሰዳቸው ቀይ ነው። እኔ በሆዴ፣ ያገሩ መኪና ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ነው፣ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄም ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሾፌሩ ከቀዳዳው ሳይነሣ፣ ጥቁር መኪና መጣ፣ አለ።  በሩ ተከፈተ፤ አንድ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከዘበኛው ጋር ገባ፤ እኛን ሳያይ በመካከላችን አልፎ ወደ ጥጉ ሄደና ገለፈቱ ውስጥ የተቀበረውን የመጋዘኑን ሚዛን ጎትቶ አወጣ። ለሁለት ተሸክመው ጥቁሩ መኪና ላይ ጫኑት።

የሦስተኛው ፈረስ ጋላቢ በእጁ ሚዛን እንደያዘ እዚያ ቤት የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰውዬው የመጋዘኑ ባለቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ንብረቱን ሊያድን ነው የመጣው። ይህን አሁን እጽፈዋለሁ። ያን ዕለት ግን ፈራሁ። ሳቅ የለመደ ሰው ሲፈራ ሁለት ጊዜ ነው የሚፈራው፤ አንድ ጊዜ በነገሩ፣ አንድ ጊዜ መሳቅ ባለመቻሉ።

በዚያ ቀን ከብት አርቢው ለመጀመሪያ ጊዜ በወሬው ገባ። ሐመር ምን ዓይነት ቀለም ነው ብሎ ጠየቀ። አንዱ የደረቀ ሣር ዓይነት ነው አለው። ሌላው አመድ ነው አለ። አንዱ ሽማግሌ የሬሳ ፊት ነው ሲሉ ዝም በሉ ተባሉ። የሚቀመጥበት ማን እንደሚባል የጠየቀ የለም፤ ሞት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሾፌሩ ነገሩን የጀመረው እሱ በመሆኑ ሳይጸጸት አልቀረም፤ እንደዚያ ያለ ቀለም የተቀባ መኪና በሕይወቴ አላየሁም፣ ማንስ ይገዛዋል፣ ብሎ አጽናናን። ተጽናናን። ሐመር መኪና የለም። ያን ማታ ከብት አርቢው እንኳ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሲያንኮራፋ እንደ በሬ ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ መኪና መጣ። ሾፌሩ ዓይኑን ለጠፈ።  ቀለሙን ንገረን አሉት።  አንዱ ትከሻውን ነካው።

«ቀለም የለውም» አለ ሾፌሩ።

ፀሐይ የበላው፣ ዝናብ የላሰው፣ ድሮ ምን እንደነበረ የማይታወቅ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። በኋላ እኔም በቀዳዳዋ አየሁት። ሾፌሩ አልዋሸም።

ዘበኛው በሩን ከፍቶ ስም ጠራ። ከተጠሩት አንዱ ከብት አርቢው ነው። መሄጃችን የት ነው ብሎ የጠየቀ ነበር፤ ዘበኛው የሰማም አይመስል። የመኪናው ሾፌር ምሳ እስኪበላ ተዘጋጁ አለ፣ እንደ ማንኛውም የመናኸሪያ ሰው። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ጨመረ።

«ጫማችሁን አውልቁ። ጫማ አያስፈልግም።»

በሩ ተዘጋ። የተጠሩት ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። የማንም እጅ አልፈጠነም። የላስቲክ ጫማዎቹን ግድግዳ ሥር በተርታ ደረደሩ፤ ለምን እንደደረደሩት አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የለመደ እጅ ይሆናል።

ከብት አርቢው ተነሥቶ ወደኔ መጣ። ሁሉም ያየዋል። ፊቴ ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ከኔ ይረዝማል።

«አባ» አለ፣ «ያናዝዙኝ። ሳልናዘዝ አልሂድ።»

እውነቱን ለምን እደብቃለሁ፣ ለአንድ ቅጽበት አሰብኩበት። እጄን አናቱ ላይ አድርጌ የሆነ ነገር ባነበንብ ማን ይጎዳል? ድምፅ ማስመሰል እችላለሁ፤ የኔታን አስመስዬ ስንቱን ቀስቅሻለሁ። ሰውየው ልቡ አርፎ ይሄዳል። እኔም ክብሬ አይነካም። ከዚያ ግን በዚህ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ሙሉ ሐሳዊው መሲሕ ከየት ይመጣል፣ በምን መልክ ይመጣል ስንል እንደከረምን ትዝ አለኝ። ቀለም አያስፈልገውም ነበር፤ ጥምጣም ብቻ ይበቃዋል።

አይደለሁም አልኩት። እንደ ወትሮው አላመነኝም። ጊዜ የለም አባ፣ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ። አባቴ ሲሞት፣ አለ፣ ወንድሜ ገና... አለ። አፉን በመዳፌ ያዝኩት። ይህን ያደረግሁት ሳላስብ ነው። የማልፈታውን ነገር ብሰማ ሌብነት ነው። መዳፌ ውስጥ ትንፋሹ ይሞቃል።

«ስማኝ ወንድሜ» አልኩት። «እኔ ሦስት ሚስት ያገባሁ ሰው ነኝ። ሦስት ሚስት ያገባ ቄስ የት አይተሃል? የመጀመሪያዋ የአንበሳሜ ልጅ ነበረች፤ ቀልዴ አልጥማት ብሎ በዓመቱ ሄደች። ሁለተኛዋን ያገኘኋት ወንዛዬ ፍል ውኃ፣ ወገቤን ልታከም ሄጄ ነው። ወገቤም አልዳነ፣ እሷም አልቆየች። ሦስተኛዋ ይህን የጠመጠመችልኝ ናት።»

ጥምጣሙን እፈታ ጀመር። ዙሩ ብዙ ነው። ጨርቁ እየወረደ ሲሄድ የነጠላው ጫፍ ወጣ፤ ያረጀ ሮዝ ጥለት፣ የሴት ጥለት። ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ራሴ ባዶውን ቀረ፤ መላጣዬ ላይ ሁለት ሦስት ጸጉር፣ ከጉንጬ ላይ የተረፈ እብጠት። ከኋላ አንድ ሰው አፍንጫው ውስጥ ሳቀ፤ ወዲያው ተወው።

ከብት አርቢው ጥለቱን አየ። ጣቱን ሰዶ ነካው። ከዚያ ፊቴን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳቀ ልበል? ትንፋሽ በአፍንጫው ወጣ፣ ትከሻው ወረደ።

«የባለቤትዎ ነው» አለ።

«የሷ ነው። እንዳትጥለው ብላኛለች።»

 ቆርቆሮው ይንጣጣል። ውጭ ሰው ሲስቅ ይሰማል፤ ምሳ በሉ መሰለኝ።

«እንግዲያ እኔ ምን ይዤ ልሂድ?» አለኝ።

  ዓይኔን ከፊቱ ለማሸሽ ወደ ታች አየሁ። እግሩ ባዶውን ነው። ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ያልታጠበ የርብ ጭቃ ጣቶቹ መካከል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ፣ ከብት ሲጎትተው የቀረ። በኛ ቤት ሰው ከመንገድ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል። ሊሄድ ሲል አይታጠብም። ልማዱ እንደዚያ ነው። ግን ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዳችን አንድ ጣሳ ውኃ ይሰጡናል። የኔ ገና ግማሽ ነበር። አነሣሁትና ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«እግርህን አምጣ።»

«ኧረ አይሆንም። በዕድሜ አባቴ ነዎት።»

«ቄስ ነዎት ስትለኝ ከርመህ አሁን አንድ ነገር ስለምንህ እምቢ ትላለህ? አምጣ።»

አመጣው። ከባድ እግር ነው፤ ጭኔ ላይ ሳደርገው ጉልበቴ ተሰማው። ውኃው ትንሽ ስለሆነ በእፍኜ እያደረግሁ ነው ያጠብኩት። ጭቃው መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ከዚያ ለሰለሰ፣ ሽታው ወጣ፤ የእርሻችን ሽታ፣ የዝናብ ማግስት ሽታ። ቤቱ ሁሉ ሸተተው።  አንደኛውን ሳልጨርስ ውኃዬ አለቀ። ቀና ስል ሾፌሩ ከቀዳዳው ተነሥቶ የራሱን ጣሳ ይዞ ቆሟል። ምንም ሳይል አጠገቤ አኖረው። ከዚያ ሌሎቹ የተጠሩት ሰዎች ዘንድ አንድ አንድ ሰው ጣሳውን ይዞ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም። የውኃ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

ሁለተኛውን እግር ሳጥብ፣

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አልኩት።

«ኃጢአቴን ሳይሰሙ?»

«እሱን ለባለቤቱ ያዘው። እኔ የምችለው ስም ማስጠራት ብቻ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ውስጥ ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። ሁለት ጊዜ ደገመልኝ፤ ሽማግሌ ይረሳል ብሎ ይሆናል።

በነጠላው ጥለት እግሩን ሳደርቅ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ገብቶ እርጥቡን ወለል፣ የተደረደሩትን ጣሳዎች፣ መሬት የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ምንድን ነው ይህ ብሎ ጠየቀ። ሰው ልንሸኝ ነው አልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር ይለኝ ነበር። ዓይኑ ከእግር ወደ እግር ሄደ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ቦት ጫማ ወረደ። የመጨረሻውን ጣት እስካደርቅ ቆመ።

ሲወጡ ገለፈቱ እርጥብ እግራቸው ላይ ተለጠፈ፤ ወርቃማ ነገር የተጫሙ ይመስሉ ነበር። ከብት አርቢው በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ አላየኝም። ፀሐዩ በዓይኑ ስለገባ እጁን ከፍ አደረገ፣ ያ ነው የመጨረሻው።

ሞተሩ ተነሣ። ሾፌሩ አሁን በቀዳዳዋ አላየም፤ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ጣለ። ሁላችንም አፉን እናያለን። መኪናው ወደ መገንጠያው ሄደ። ማርሽ ሲቀይር እኔም ሰማሁ። ከዚያ የባጃጅ ጥሩንባ፣ የገበያ ሰው ጫጫታ፣ ሌላ መኪና፣ ሌላ መኪና። ሾፌሩ ብዙ ቆየ። ግንባሩ ላይ የቆርቆሮው መስመር ታትሞበት ተነሣ።

«አልለየሁትም» አለ።

ያን ምሽት ስለ ራእይ ያወራ ሰው አልነበረም። ጫማዎቹ ግድግዳ ሥር ነበሩ።

እኔን ከዚያ በኋላ በአንድ ተራ ማለዳ ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ሚስቴ ነጠላዋን ተቀብላ ጥለቱ ላይ ያለውን ጭቃ አየች፤ ምን ሆነ አላለችም፤ ብዙ ጊዜ አጠበችው።

ቆይቶ መንገዱ ሲከፈት ርብ ዳር ወርጄ እያጠያየቅሁ ቤቱን አገኘሁ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። ስለ መኪናው ቀለም አልነገርኳትም። በሬዎቹን ጎረቤት አግኝቶ እንደመለሰላት ነገረችኝ፤ እዚያው ማዶ ይግጣሉ። ሲወጣ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ፣ ያንኑ ብቻ። እግሩ ታጥቦ ነበር አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጭቃ አይወድም ነበር፣ አለች፣ ጭቃ ውስጥ እየዋለ። ለቅሶ እንዳልተቀመጠች ሰዎች ነገሩኝ። የሚቀበር ነገር ሳይመጣ አልቀመጥም ብላለች።

አሁንም ስብከት ስሰማ፣ ስለ ፈረሶቹና ስለ መለከቱ ሲነሣ፣ ከኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሰባኪዎቹ ዓለም በአንድ ቀን ለሁሉም ያልፋል ይላሉ። እነሱ ያውቃሉ። እኔ ያየሁት ግን ለአንድ ሰው ለብቻው ሲያልፍ ነው፤ የመኪናው ሾፌር ምሳውን እስኪበላ ጠብቆ፣ ጫማ አያስፈልግም ብሎ። በተረፈ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዳዊት ያልጨረስኩ ሰው።

የነፍስ አባቴ እኩያዬ ናቸው፤ አብረን ነው ያረጀነው። ያን ስም ይዤ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት በቅዳሴ ላይ እንዲያነሡት ለመንኳቸው። ከሕያዋን ጋር ነው ወይስ ካረፉት ጋር ብለው ጠየቁኝ። ያልጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። ካሉት ጋር አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስሙን በወሰድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ እኔም ካሉት ጋር እላለሁ። ባለፈው ሰንበት ግን ከቤተ ልሔሙ ጎን ለብቻዬ ወሰዱኝና ክንዴን ያዙኝ።

«ስማኝ እንጂ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ብዙ ጊዜ ሆነ እኮ።»

«አውቃለሁ አባ» አልኳቸው። «ካሉት ጋር ያንሡልኝ።»

ፊቴን ትንሽ አዩት፤ የምቀልድ እንደሆነ ሊያረጋግጡ ነው፣ ያውቁኛላ። ከዚያ ገቡ። እኔ ከውጭ፣ ከወንዶች በኩል ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ስሙ ሲደርስ ሰማሁት። ካሉት ጋር ነበር።